አባቱ ማነው? የፈረስ ዘር በሰው እጅ የመራባቱ ታሪክ

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አባቶቻችን ይህን ተረት የተረቱት በበቅሎ ለመሳቅ አይደለም፤ የወላጁን ስም እየሸሸገ በሩቅ ዘመድ የሚመካውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ለተመለከተው፣ በቅሎይቱ ብትሸሽግም የምታተርፈው ነገር የለም፤ የጆሮዋ ርዝመት አባቷ አህያ መሆኑን ይመሰክርባታልና። አስቸጋሪው የፈረስ ነገር ነው። በቀለምም በቁመትም የሚመሳሰሉ ሁለት ድንጉላዎች በአንድ ሜዳ ላይ ቢውሉ፣ በዓመቱ የሚወለደው ውርንጭላ የማንኛው ልጅ እንደ ሆነ መልኩን ብቻ አይቶ በእርግጥ ለመናገር የሚደፍር ማን ነው? ስሪያውን በዐይኑ ያየ ሰው ከሌለ፣ ያየውንም በመዝገብ ያሰፈረ ካልተገኘ፣ የውርንጭላው አባት በግምት የሚነገር ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው የእንስሳት ሐኪም አይደለም፤ ቀኑን በመዝገብና በደብዳቤ መካከል የሚያሳልፍ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ ፈረስ እርባታ የተጻፉትን ታሪኮች በትርፍ ጊዜው ሲያነብ ግን አንድ ነገር አስደነቀው። የሰው ልጅ ፈረስን ያለ ስሪያ ለማራባት ባደረገው ረጅም ጥረት ውስጥ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንደኛው የመርፌ፣ የጠርሙስና የማይክሮስኮፕ ታሪክ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛው የመዝገብ ታሪክ ነው፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ የሰው እጅ የቱንም ያህል ቢራቀቅ እውነተኛ መዝገብ ካልተከተለው ድካሙ ከንቱ መሆኑን በፈረስ ታሪክ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

አስቀድሞ የሰው ልጅ ለዚህ ጥበብ የተነሣሣበትን ምክንያት መረዳት ይገባል። ባዝራ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ ዐሥራ አንድ ወር ያህል ታረግዛለች። መንታ ብትፀንስ አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናው ይበላሻል። የቀኑ ርዝመት በየወቅቱ እጅግ በሚለያይባቸው አገሮች የምትፀንሰው ቀኑ በሚረዝምበት ወራት ነው፤ በዚያም ወራት ቢሆን በየ21 ቀኑ ድንጉላ የምትቀበለው ከአምስት እስከ ሰባት ለሚደርሱ ቀናት ብቻ ነው። በቀድሞው የእርባታ ልማድ ደግሞ አንድ ድንጉላ በአንድ ወቅት የሚያዳርሳቸው ባዝራዎች ከ20 እስከ 30 ይደርሱ ነበር። እንግዲህ ሠራዊቱ፣ መድፉ፣ ፖስታውና ማረሻው ሁሉ በፈረስ ጉልበት ይንቀሳቀስ በነበረበት ዘመን፣ ከሺህ አንድ የሚገኘው ብርቱ ድንጉላ ጥቂት ልጆች ብቻ ትቶ ሲሞት ለመንግሥትም ለባለርስትም ትልቅ ጉዳት ነበር። የአንዱን በጎነት ለብዙዎች ማዳረስ ይቻል እንደ ሆነ መመርመር የተጀመረው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚተረከው የዐረቦች ወሬ ነው። በ1322 አንድ የዐረብ አለቃ በባላጋራው ዘንድ የሚገኘውን የስመ ጥሩ ድንጉላ ዘር ተመኝቶ፣ በስውር ሄዶ ዘሩን በጥጥ ሰርቆ ካመጣ በኋላ የራሱን ባዝራ አስፀነሰበት ይባላል። ብዙዎች ወሬውን ከተረት ይቆጥሩታል። ተረትም ቢሆን ግን ቁም ነገር አለው። ውርንጭላው አድጎ በጉልምስናው ሲያምር፣ ባለቤቱ የአባቱን ስም በአደባባይ ሊናገር አይችልም፤ ቢናገር ስርቆቱ ይገለጥበታልና። ሰውየው ዘሩን አገኘ፤ ስሙን ግን አላገኘም።

በታሪክ የተረጋገጠው ሥራ የሚጀምረው ከጣሊያን ነው። ላዛሮ ስፓላንዛኒ የተባለው ቄስና የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1780 አንዲት ሴት ውሻ ለብቻዋ ዘግቶ ካቆየ በኋላ፣ ከወንድ ውሻ የተወሰደውን ዘር በሰውነት ሙቀት ልክ ጠብቆ በመርፌ ወደ ማሕፀኗ አስገባ። ከ62 ቀን በኋላ ሦስት ቡችሎች ወለደች። የዘመኑን ሊቃውንት ያስደነቃቸው መርፌው ነበር፤ ነገር ግን ለሥራው ዋጋ የሰጠው በሩን መዝጋቱና ቀኑን መቁጠሩ ነው። ሌላ ወንድ አለመግባቱን ማረጋገጥ ባይችል ኖሮ ማንም ባላመነው ነበር። ስለዚህ የዚህ ጥበብ የመጀመሪያው መዝገብ የተዘጋ በር ነው ማለት ይቻላል።

ከስፓላንዛኒ በኋላ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለፈ። ነገሩን ከሊቃውንት ጠረጴዛ አንሥቶ ወደ ፈረስ ጋጣ ያወረደው ኢሊያ ኢቫኖቪች ኢቫኖቭ የተባለው ሩሲያዊ ነው። ኢቫኖቭ በ1870 ተወለደ፤ በፓሪስ በፓስተር ተቋም ጭምር ትምህርቱን ካጠናከረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ከሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ በሩሲያ የፈረስ እርባታ ቦታዎች ሥራውን አካሄደ። የአሠራሩም ዘዴ ቀላል ነበር፤ ከስሪያ በኋላ ዘሩን በንጹሕ ስፖንጅ ሰብስቦ፣ ጨምቆና መርምሮ ለብዙ ባዝራዎች ያከፋፍለው ነበር። በተፈጥሮ ሠላሳ ባዝራ የማያልፈው ድንጉላ በዚህ ዘዴ እስከ 500 ለሚደርሱ ባዝራዎች ዘር ሊበቃ እንደሚችል ተነገረ።

የዘመኑ ሰዎች በቀላሉ አልተቀበሉትም። ያለ ስሪያ የተፀነሰ ውርንጭላ ደካማ ወይም ጎደሎ ይሆናል ብለው የሚፈሩ ብዙ ነበሩ። ለዚህ ፍርሃት በክርክር ብቻ መልስ አይገኝለትም። የትኛይቱ ባዝራ በስንት ቀን ከየትኛው ድንጉላ ዘር እንደ ተቀበለች፣ የተወለደውም ውርንጭላ እንዴት እንዳደገ ከዓመት ወደ ዓመት መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ኢቫኖቭም የሥራውን ውጤት ለሊቃውንት በጽሑፍ እያቀረበ የጥርጣሬውን በር በየጊዜው ዘጋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነትና ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ፈረስ እጅግ ባለቀ ጊዜ፣ አዲሱ የሶቪየት መንግሥት ዘዴውን በሰፊው ሊሠራበት የቻለው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

የኢቫኖቭ ፍጻሜ ግን አያምርም። በ1926 እና በ1927 ሰውንና ዝንጀሮ መሰል እንስሳን ለማዳቀል ያደረገው ከንቱ ሙከራ ስሙን አጎደፈው። በ1930 በመንግሥት ተይዞ ወደ አልማ አታ በግዞት ተላከ፤ በዚያም በ1932 ሞተ። አንድ ሰው የሚችለውን ሁሉ ማድረግ ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይገኛል፤ ወደ ኋላ እንደገና እንገናኘዋለን።

ከኢቫኖቭ ትምህርት የቀሰሙት ሩሲያውያን ብቻ አልነበሩም። ኢሺካዋ የተባለው ጃፓናዊ ከእርሱ ዘንድ ተምሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1912 በጃፓን ፈረሶች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የካምብሪጅ መምህራን ዋልተንና ሃሞንድ ዘዴውን ለሌላ ጥያቄ መመለሻ አደረጉት። ሻየር የሚባለው ፈረስ ግዙፍ የጭነት ፈረስ ነው፤ ሼትላንድ የሚባለው ግን ልጆች የሚቀመጡበት ድንክ ፈረስ ነው። የሁለቱ ቁመት እጅግ ስለሚለያይ በተፈጥሮ ማገናኘቱ አስቸጋሪ ነው። መምህራኑ በመርፌ አዳቅለው በ1938 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጡት፣ ከግዙፏ እናት የተወለደው ውርንጭላ ከድንኳ እናት ከተወለደው በክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ፤ የሁለቱም ዘር ከሻየርና ከሼትላንድ እኩል የተካፈለ ሲሆን ማለት ነው። በዚህም የእናት ማሕፀን ዘርን የሚያሳድርበት ቤት ብቻ ሳይሆን የልጁን መጠን የሚወስን ኃይል መሆኑ ታወቀ። አባትን ብቻ ሲቆጥሩ ለኖሩት የፈረስ አርቢዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ኮልና ሃርት የተባሉት ሊቃውንት በ1930 ሌላ ምሥጢር ገለጡ። በእርግዝና ላይ ያለች ባዝራ ደም ውስጥ የእንስሳትን የእንቁላል ዕጢ የሚያነቃቃ ሆርሞን ይገኛል። ይህም ሆርሞን ለላምና ለበግ እርባታ ትልቅ አገልግሎት ሰጠ። የሚያስገርመው ግን ለራሷ ለባዝራ ሲሰጣት እንቁላሎቿን የማብዛት ኃይሉ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ፈረስ ለሌሎች የሰጠችውን መድኃኒት ለራሷ አልተጠቀመችበትም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈረስ በሩን ቀድማ ከፍታ ኋላ ከደጅ ስትቆም የምንመለከተው በዚህ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ዘርን ሰብስቦ ማዳረስ ከተቻለ በኋላ የቀረው ችግር ጊዜ ነበር። ከሰውነት የወጣ ዘር ቶሎ ይሞታል። ስፓላንዛኒ በበረዶ የቀዘቀዘ ዘር እንቅስቃሴውን አቁሞ ሲሞቅ እንደገና እንደሚንቀሳቀስ አስተውሎ ነበር፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሲያቀዘቅዙት ይሞታል። መፍትሔው የተገኘው በ1949 በእንግሊዝ አገር በፖልጅ፣ በስሚዝና በፓርክስ ሥራ ነው፤ የተገኘበትም አኳኋን ለመዝገብ ቤት ሰዎች የሚያስቅም የሚያስፈራም ነው። ሊቃውንቱ የዶሮን ዘር በስኳር ውሕድ ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ አልሳካ ብሏቸው ቆይቶ፣ ከማቀዝቀዣ ቤት ባመጡት አንድ ጠርሙስ በድንገት ተሳካላቸው። ጠርሙሱ ሲመረመር ግን በላዩ የተለጠፈው ጽሕፈትና በውስጡ ያለው ፈሳሽ አንድ አልነበሩም፤ ስኳር የተባለው ግሊሰሪን ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተ ጽሕፈት መልካም ነገር ሲያመጣ የታየበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስሕተቱን ወደ ዕውቀት የለወጠው ዕድሉ አይደለም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በትክክል ሳያውቁ አንድ እርምጃ አንራመድም ብለው መመርመራቸው ነው።

በዚህ ግኝት መሠረት ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት መቀመጥ ቻለ። በ1957 ባርከርና ጋንዲየር የተባሉት በካናዳ የሚሠሩ ሐኪሞች ከድንጉላ የዘር ማከማቻ ቱቦ ተወስዶ በቀዘቀዘ ዘር ባዝራ ማስፀነሳቸውን አስታወቁ። ይሁን እንጂ የፈረስ ዘር እንደ ኮርማ ዘር አልታዘዘም። የአንዱ ድንጉላ ዘር ቀዝቅዞ ሲነሣ ሕያው ሲሆን የሌላው ይሞታል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ኮርማ ለእርባታ ሲመረጥ የዘሩ ብርታት ይመረመራል፤ ድንጉላ ግን የሚመረጠው በሩጫውና በትውልዱ ነው። ሰው ለዘመናት ያልጠየቀውን ነገር ተፈጥሮ በአንድ ቀን አትሰጥም።

አሁን ወደ መዝገቡ ታሪክ እንመለስ። የእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ፣ ቶሮብሬድ የሚባለው፣ የትውልድ መዝገቡ በ1791 መታተም ጀመረ። የዚህ ዘር ወንዶች ሁሉ በአባት በኩል ሲቆጠሩ የሚደርሱት ወደ ሦስት ከምሥራቅ የመጡ ድንጉላዎች ሲሆን፣ ከነዚያም መካከል ከመቶው 95 ያህሉ የሚቆጠሩት ዳርሊ አረቢያን ወደ ተባለው ወደ አንዱ ነው። መዝገቡን የሚጠብቁት ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በመርፌ የተፀነሰውን ውርንጭላ አይመዘግቡም። ድንጉላውና ባዝራይቱ በአካል መገናኘት አለባቸው፤ ወላጅነቱም በመጀመሪያ በደም ምርመራ፣ በኋላም በዲኤንኤ ምርመራ እንዲረጋገጥ ተደርጓል።

ስለዚህ ሕግ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። ሕጉን የሚደግፉት ሰዎች፣ መርፌ ከተፈቀደ ጥቂት ስመ ጥሩ ድንጉላዎች ብቻ የዓለምን ባዝራ ሁሉ ያስፀንሳሉ፤ ዘሩም ይጠብባል፤ የድንጉላም ዋጋ ይወድቃል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ፣ በአካል መገናኘት በሽታ ያስተላልፋል ይላሉ። በእርግጥም በ1977 በኒውማርኬት ከተማ በስሪያ የሚተላለፍ አዲስ የማሕፀን በሽታ ተገልጦ የእርባታውን ሥራ አናግቶታል። ለጸሓፊው የሚመስለው ግን ከሁለቱም ወገን የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። ከመቶ 95ቱ ወንዶች ከአንድ አባት መውረዳቸው የሆነው ያለ መርፌ ነው። እንግዲህ ዘርን የሚያጠበው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም አንዱን አሸናፊ ብቻ መፈለጉ ነው። ይህንንም ልናውቅ የቻልነው መዝገቡ ሳይቋረጥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስለ ተጻፈ ነው።

የአባትን ዘር ማዳረስ ከተቻለ የእናትንስ? ባዝራ በዕድሜዋ የምትወልደው ጥቂት ነው፤ የምትሮጥ ወይም የምትዘል ባዝራ ደግሞ ለመውለድ ሥራዋን ማቋረጥ ይኖርባታል። ዋልተር ሂፕ የተባለው እንግሊዛዊ በ1890 ፅንስን ከአንዲት ጥንቸል ወደ ሌላይቱ አዛውሮ እንዲወለድ አድርጎ ነበር። በፈረስ ይህ የተሞከረው ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው። ከ1972 እስከ 1974 ኦጉሪና ሱሱሚ የተባሉት ጃፓናውያን ያለ ቀዶ ሕክምና ፅንሱን በንጹሕ ፈሳሽ ከማሕፀን አጥበው በማውጣት ለሌላ ባዝራ ለመስጠት ቻሉ። በካምብሪጅም አለን የተባለው ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በዚሁ ሥራ ተሰማርቶ ነበር። ከሥራቸውም ሁሉ የማይረሳው በ1976 የታተመው ነው፤ የፈረስ ፅንሶችን በሕያው ጥንቸል የእንቁላል ቱቦ ውስጥ አስቀምጠው ከእንግሊዝ አገር እስከ ፖላንድ፣ እስከ ክራኮቭ ከተማ ድረስ ላኩ፤ ፅንሶቹም ሕይወታቸው ሳይጠፋ ደረሱ። ፈረስ ሰውን ተሸክሞ አገር ሲያቋርጥ ብዙ ታሪክ ተጽፏል፤ ጥንቸል ፈረስን ተሸክማ ድንበር ስትሻገር ግን ከዚያ በፊት አልተሰማም። ኋላም በ1982 ጃፓናውያን ከቀዘቀዘ ፅንስ ውርንጭላ እንዲወለድ አደረጉ። በ1984 ደግሞ በአሜሪካ በሉዊቪል የእንስሳት ማቆያ አንዲት ባዝራ የሜዳ አህያ ግልገል ወለደች፤ ባዝራይቱ ማሕፀኗን አዋሰች እንጂ ከዘሯ ምንም አላካፈለችም።

በዚህ ጊዜ የመዝገቡ ጥያቄ እጥፍ ሆነ። ቀድሞ የሚጠየቀው «አባቱ ማነው?» ነበር፤ አሁን «እናቱስ የትኛይቱ ናት?» ተባለ። ለዘመናት ማንም ያልተጠራጠረው የእናት ነገር በምስክርና በጽሕፈት የሚረጋገጥ ሆነ። ኳርተር ሆርስ የሚባለውን ፈረስ የሚመዘግበው የአሜሪካ ማኅበር ከአንዲት ባዝራ በዓመት አንድ ውርንጭላ ብቻ እመዘግባለሁ ብሎ ቆይቶ ነበር፤ አርቢዎች በፍርድ ቤት ስለ ተከራከሩት በ2002 ግድ ሆኖበት ሕጉን ለወጠ።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ እንቁላሉንና ዘሩን ከሰውነት ውጭ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ለማገናኘት ተነሡ። በሰው ላይ ይህ ሥራ በ1978 ተሳክቶ ስለ ነበረ በፈረስም ቀላል መስሎ ነበር። ነገር ግን ፈረስ እንደገና እንቢ አለች። በ1990 በፈረንሣይ አገር በዚህ መንገድ ውርንጭላ ቢወለድም፣ ከሁለት ውርንጭላዎች በኋላ ሥራውን አዘውትሮ መድገም ሳይቻል ቀረ፤ የድንጉላው ዘር በመስታወት ዕቃ ውስጥ የእንቁላሉን ቅርፊት ሊወጋ አልቻለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። በ1996 በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንዲቱን የዘር ሕዋስ በረቂቅ መርፌ ይዞ በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ውስጥ በማስገባት ውርንጭላ ተገኘ። ይህ ዘዴ ተስፋፍቶ የብዙ አርቢዎች መደበኛ ሥራ ሆኗል። ተዘግቶ የነበረው የመጀመሪያው በር የተከፈተው በ2022 ነው፤ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ መርማሪዎች የድንጉላውን ዘር በልዩ ፈሳሽ ውስጥ 22 ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ቅርፊቱን በራሱ ለመውጋት እንደሚበቃ አሳዩ። ሠላሳ ዓመት በኃይል ሲንኳኳ የነበረው በር ጥቂት መታገሥን ብቻ ይጠይቅ ኖሯል።

የመጨረሻው ደረጃ በ2003 መጣ፤ በዚህም የመጀመሪያይቱ በቅሎ ሆነች። በቅሎ 63 ክሮሞሶም አላት፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62። ቁጥሩ ለሁለት እኩል ስለማይከፈል በቅሎ አትወልድም ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ግንቦት 4 ቀን ግን በአሜሪካ በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ «አይዳሆ ጄም» የተባለ ወንድ በቅሎ ያለ ስሪያ፣ ያለ አባት ዘር፣ ታዝ የተባለው ስመ ጥሩ የእሽቅድምድም በቅሎ ወንድም ከነበረ ፅንስ ሕዋስ ተቀድቶ ተወለደ። ይህን ዓይነቱን ቅጂ ክሎን ይሉታል። በዚያው ወር በጣሊያን በክሬሞና ከተማ «ፕሮሜቴያ» የተባለች ውርንጭላ ተወለደች። ከ800 በላይ ፅንሶች ተሠርተው የተገኘችው እርሷ ብቻ ነበረች። የወለደቻትም ባዝራ ሕዋሷን የሰጠችው ያችው ራሷ ስለ ሆነች፣ እናትየው መንታ እኅቷን ወለደች ማለት ነው። እንግዲህ በቅሎይቱን «አባትሽ ማነው?» ብለን የምንስቅባት እኛ፣ ለፕሮሜቴያ የትኛውን የዘመድ ስም እንሰጣታለን?

መዝገብ ጠባቂዎቹም በዚህ ላይ ተለያዩ። የዓለም የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ክሎን የሆኑ ፈረሶች እንዲወዳደሩ በ2012 ፈቀደ። የኳርተር ሆርስ ማኅበር ግን አልመዘግብም አለ፤ በፍርድ ቤት ተከሶ በመጀመሪያ ቢረታም በ2015 በይግባኝ ፍርዱ ተሻረለት። በአርጀንቲና የፖሎ ጨዋታ ዝነኛው ካምቢያሶ በ2016 በታላቁ የፓሌርሞ ውድድር ኳርቴቴራ ከተባለችው ባዝራ በተቀዱ ስድስት ክሎኖች ላይ እየተፈራረቀ ተጫወተ። የሚያስደንቅ ነው፤ የሚያሳስብም ነው። አንዲት ባዝራ ስድስት ከሆነች ስልሳ ለመሆን የሚከለክላት ምንድር ነው? በኢቫኖቭ ጊዜ የተነሣው ጥያቄ እነሆ ተመልሶ መጣ። የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ የሚገባ ቢሆን ኖሮ፣ በሜዳው ላይ የአንዷን ጥላ ስድስት ጊዜ እናያለን እንጂ ስድስት ፈረስ አናይም።

ነገር ግን በዚሁ ጥበብ የጠበበውን ለማስፋት የተሠራ ሥራም አለ። የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ፣ ፕርዜቫልስኪ የሚባለው፣ በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1969 ነበር። ዛሬ በሕይወት የሚገኙት ሁሉ በምርኮ ተይዘው ከነበሩ 12 ያህል ቅድመ አያቶች የተወለዱ ናቸው፤ ከ1992 ጀምሮም ወደ አገራቸው ወደ ሞንጎሊያ እንዲመለሱ ተደርጓል። የነዚህን ፈረሶች የትውልድ መዝገብ ከ1959 ጀምሮ የፕራግ የእንስሳት ማቆያ በጥንቃቄ ሲጽፍ ኖሯል። በ1980 በሳን ዲዬጎ ከአንድ ድንጉላ የተወሰደ ሕዋስ ቀዝቅዞ ተቀመጠ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሊቃውንት የትውልዱን መዝገብ ሲመረምሩ፣ ይህ ድንጉላ ከሕያዋኑ መካከል ሊጠፋ የተቃረበውን የቅድመ አያቶች ዘር መያዙን አወቁ። በ2020 ነሐሴ 6 ቀን በቴክሳስ አንዲት የቤት ባዝራ የእርሱን ክሎን ወለደች፤ ስሙም «ኩርት» ተባለ። በ2023 ሁለተኛው ተከተለው። በናይትሮጅን ውስጥ ከነበሩት ብዙ ብልቃጦች መካከል የትኛው እንዲነሣ የነገራቸው ማይክሮስኮፑ አልነበረም፤ በየዓመቱ የልደትና የሞት ቀን ሲጽፍ የኖረው፣ ስሙም የማይታወቀው ጸሓፊ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፈረስ በታሪካችን ያለው ክብር የታወቀ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። የፈረሱ ስም በፉከራና በዘፈን ሲጠበቅ፣ የፈረሱ አባትና እናት ስም ግን ከባለቤቱ ትዝታ ጋር ሲቀበር ኖሯል። ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ዓይነቶች መኖራቸውን አመልክተዋል፤ ከነዚህም የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የከፋ ፈረሶች ይገኙበታል። ከስምንቱ አንዱ በሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጌታ የሚኖረው ፈረስ ሲሆን፣ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል።

እንዲህ ያለው ዘር ሳይጠፋ እንዲቆይ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። መርፌው፣ ናይትሮጅኑና ማይክሮስኮፑ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ያለፈው ዓመት ልደት ግን በገንዘብ አይገዛም። የእርሻ ሠራተኛው በየወረዳው፣ መምህሩ በየትምህርት ቤቱ፣ ተማሪውም በአባቱ ቤት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ ይኸውም የባዝራይቱን ምልክት፣ የድንጉላውን ስም፣ የውርንጭላውን የልደት ቀን በንጹሕ ወረቀት መጻፍ ነው። ይህ ሥራ ሽልማት አያስገኝም፤ ጋዜጣ ላይም አያወጣም። ቢሆንም ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ ያንን ወረቀት ከፍቶ የሚፈልገውን ያገኝ ይሆናል።

በቅሎይቱ አባቷን የሸሸገችው አፍራ ነው ይባላል። እኛ ግን የፈረሶቻችንን አባት ሳንጽፍ ብንቀር፣ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምንመልሰው መልስ ከእርሷ መልስ የባሰ ይሆናል፤ እርሷ እያወቀች ሸሸገች፤ እኛ ግን አናውቅም እንላለንና።